የአቶ ቢምረው ሁለተኛ ዓይን

አሽቀሎን፣ ራማት ኤሽኮል
ጃንዋሪ 19 ቀን 1992

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ጦቢያ፤

ባሕር ያላገደው፣ ትኬት ያልተጠየቀበት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስልኝ። የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ምላስዎን ግን እንዳለ ይተውልኝ፣ ማጽናት አያስፈልገውም። እኛ ደህና ነን። ከሆቴሉ ወጥተን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አግኝተናል። ጠዋት ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካ ገብቼ የፕላስቲክ ባልዲ እደረድራለሁ። ባልዲው ከዕብራይስጡ ይቀላል፤ የደረደሩት ባልዲ እስከ ማታ ካለበት አይጠፋም፣ ቃሉ ግን ከራስ ይጠፋል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቢምረው እዚህ ነው።

ሌላ ቢምረው አይደለም። ያው ባለፈው ግንቦት አዲስ አበባ፣ ከኤምባሲው በር ላይ ቆሞ ዘመድ ከባዳ ሲለይ የነበረው ነው። ባለቤቴ አማረችና ልጆቹ፣ እኔም፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎብን ስናልፍ እርስዎ ከኋላዬ ነበሩ። ዝርዝሩን የያዘው ሰውዬ «ይቺስ የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ቢምረው እርስዎን ከእግር እስከ ራስ ካየ በኋላ «አላውቃትም» አለ። አርባ ዓመት አጥር የተጋራዎት ሰው። እኔ ዞሬ ስጮህ አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ዛሬ የሰፈራችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ሰርግ ሲኖር መጀመሪያ ይናገራል፣ ቀብር ሲኖር መጨረሻ ይናገራል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሰውን በማማከር ያሳልፋል። ማትናስ የሚሉት የሰፈሩ የባህል ቤት አለ። ኃላፊዋ ኦሽራት የምትባል ደግ ሴት ናት፣ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ። አዳራሹ ውስጥ ከእኛ ወገን የአንድ የተከበረ ሽማግሌ ሥዕል እንዲሰቀል አሰበች። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቢምረው ማንን እንደምንመርጥ ጠየቀና ማንም አፉን ሳይከፍት ስለመረጥነው አመሰገነን።

ሠዓሊ ሲፈለግ፣ ጎንደር ሳለሁ ለቱሪስት በፍየል ቆዳ ላይ እስል እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ስሜን ጠራ። ኦሽራት ከሚግዳል ገበያ ቀለም ገዝታ በር ድረስ አመጣችልኝ።

እምቢ ልበል ወይስ ልሳለው? ብሩሹ እጄ ላይ ነው። ምክሩን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ደርሶ


አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለደርሶ፤

እንደ ሰማይ ኮከብ የበዛ ሰላምታ ልልክልህ ነበር፤ ግን እዚህ ያለው ሰማይ ደመና ስለሆነ የታየኝን ያህል ብቻ ተቀበል። አማረች እንዴት ናት? ልጆቹስ አማርኛቸውን አልረሱም? ከረሱ ስድቡን አስቀድመህ አስተምራቸው፣ የቀረው ራሱ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ መንግሥት ሄዷል፣ ፊደሉ ግን ቀርቷል። እኔም እንደ ፊደሉ ቀርቻለሁ። ከቀሩት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እየተሰለፍን እንኖራለን። ለምን እንደምንሰለፍ ሁልጊዜ አይነገረንም፤ መሰለፉን ግን በደንብ ችለንበታል።

እምቢ እንዳትል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሳለው፤ ግን በአንድ ዓይን ሳለው። ትርጉሙን ለአንተ አልነግርህም፣ ሙያህ ነው። ጎንደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጻድቁ ፊት ለፊት ይታያል፣ ሁለት ዓይኑ እንደ ፋኖስ። ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ግን በጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። እኛ የኦሪት ሰዎች እዚያ ባንሳለምም፣ በደጁ ስናልፍ ዓይናችንን አልጨፈንንም።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። አንጥፍለት፤ ጅብ መሆኑን ግን ሰው ይይለት።

ለምን «አላውቃትም» እንዳለኝ ትጠይቀኝ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ? ዓይኑ ደክሞ ይሆናል።

ሲያልቅ ፎቶውን ላክልኝ። ክፍላችን ውስጥ ሚስማር አለ፣ የሚሰቀልበት ነገር ግን የለም።

አክስትህ ጦቢያ


አሽቀሎን
አፕሪል 30 ቀን 1992

ለእትዬ ጦቢያ፤

ደብዳቤዎ ለቂጣው በዓል ደረሰ። ቂጣው ደረቅ ነበር፣ ደብዳቤዎ ማባያ ሆነልን። የእስራኤል አምላክ ዕድሜዎን እንደ ሰልፉ ያርዝመው።

ምክርዎን ይዤ ሥራ ጀመርኩ። አቡጀዲውን እንጨት ላይ ወጥሬ ሙጫና ኖራ ቀባሁት፣ ሁለት ቀን ደረቀ። ቢምረው ባለ ሦስት ቀለም ከረባት አስሮ መጣ። ባሕሩን በሚያየው በረንዳ ላይ ወንበር ሰጠሁት። ገና ከሰሉን ሳላነሳ «ደርሶ፣ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የምትስለኝ» አለ። ለካ ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ሚግዳል ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ደግሞ አንድ ሹም በጎኑ ፎቶ ተነስቶ አይቷል። «እንደ ሳንቲም ላይ ንጉሥ አድርገኝ» አለኝ።

እትዬ፣ እኔ ለኃጢአቱ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሰውዬው ራሱ ተሸክሞልኝ መጣ። ዕድሜውን በሙሉ ከገበያ ገበያ የዞረ ሰው ነው፣ ግድግዳ ያየው ጥላ ሊጠለል ብቻ ነው። የአንድ ዓይንን ትርጉም ከየት ያውቃል? ሁለተኛ ትእዛዝም ሰጠኝ፦ ሽበቱን እንዳጠቁረው።

እኔ ስስል ከጆሮ እጀምራለሁ። አፍ ይዋሻል፣ ዓይን ይለማመጣል፣ ጆሮ ግን እንደተፈጠረ ነው። ከጆሮ ወደ መንጋጋ፣ ከመንጋጋ ወደ አፍንጫ እሄዳለሁ። መጀመሪያ በከሰል፣ ቀጥሎ በቀጭን ቡናማ ቀለም፣ ከዚያ ሥጋውን አለብሰዋለሁ። ዓይን መጨረሻ ነው። ዓይን ከገባ በኋላ ሥዕሉ ያይሃል፣ ማረም ያሳፍራል።

ባንድ ሳምንት የሚያልቀውን ሥራ ስድስት ሳምንት ላስረዝመው አስቤያለሁ። ፀሐይ ፊቱ ላይ በምትወርድበት ሰዓት ቀጥሬው፣ አንገቱን አዙሬ፣ «አትንቀሳቀስ» እለዋለሁ። ዝንብ ስታርፍበት ብሩሼን አስቀምጬ ዝንቧን እስላለሁ። ይህ የእኔ ትንሽ ደመወዝ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ሰው ፊቱን ሲጠብቅ አፉን ይዘነጋል። በአራተኛው ቀጠሮ አፍንጫውን እየሳልኩ በዘዴ የእርስዎን ስም አነሳሁ። አንገቱን ማዞር ስላልተፈቀደለት ለባሕሩ ነበር የተናገረው።

«ከነአህያዋ ትቅር ብዬ ነው» አለ።

ከዚያ አገጩን መልሶ አቃና። ብሩሹ እጄ ላይ ደረቀ።

እትዬ፣ የምን አህያ?

ደርሶ


አዲስ አበባ
ሰኔ 5 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለደርሶ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ብርቱ ጤና። ደብዳቤህን ሳነብ ሳቄ ክፍሉን አወከው፤ አብረውኝ ያሉት ተጠርቼ መስሏቸው ጓዝ ማሰር ጀመሩ።

እሺ፣ አህያዋ። አንተ ያኔ ለሥራ ሑመራ ወርደህ ነበር። ከቢምረው ላይ አዘዞ ገበያ አንዲት አህያ ገዛሁ። «የአራት ዓመት ናት፣ ሰንበትን» ብሎ ማለልኝ። አፍንጫዋ ጥቁር፣ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ ነበረች። መጀመሪያው ወንዝ ላይ ዝናብ መታን። የአህያዋ አፍንጫ ታጥቦ ነጭ ሆነ። ደርሶ፣ ሰውዬው በጥላሸትና በዘይት ቀብቷት ነው። አሮጊት ናት፣ ከእኔ ጋር ልትጦር ነው የመጣች። ሠዓሊ በዘራችን አንተ ብቻ ነህ ብለህ እንዳትኮራ፤ ቢምረው ቀድሞሃል።

ገንዘቤን መልስልኝ ብለው «ገበያ የተለያዩበት አይመለስም» አለኝ። እኔም ታገሥኩ። በወሩ እሱ ራሱ በሃምሳ ዓመቱ ሊያገባ ዳስ ጣለ። ሽበቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። እኔም አህያዋን አፍንጫዋን እንደገና ቀብቼ፣ ነጠላ አልብሼ፣ ዳሱ መሐል ይዣት ገባሁ። «ሚዜህን አምጥቼልሃለሁ፤ ከአንድ ድስት ጥላሸት ነው የተኳላችሁት» አልኩት።

የሙሽሪት አባት ሳቀ። እሱ ከሳቀ በኋላ ማን ይቀራል? አህያዋን እዚያው ትቼለት፣ አብሯት የመጣውን መጫኛ ይዤ ወጣሁ። ያን ግንቦት ከበሩ ላይ ጓዜን ያሰርኩበት እሱው መጫኛ ነበር። እኔን ከማወቁ በፊት መጫኛውን ያወቀው ይመስለኛል።

የሳቁ ነገር ይኸው ነው። አሁን የማያስቀውን ስማ። ባለፈው ሳምንት የኤምባሲው ቢሮ ተጠርቼ ነበር። ፋይሌ ላይ የተጻፈው የቢምረው ቃል ነው፦ «የማትታወቅ»። እሱ ራሱ በጽሑፍ ካላነሳው ማንም አያነሳውም ተባልኩ። አንተ አክስቴ ናት ብትል ወገንተኛ ነህ፤ እሱ አውቃታለሁ ቢል ግን እውነት ይሆናል።

ስለዚህ ያልኩህን ትቻለሁ። በሁለት ዓይን ሳለው። ከፈለገ ሦስተኛ ጨምርለት። ጻድቅ አድርገው፣ ክንፍም ካማረው ክንፍ ቀጥልለት። ብቻ ይፈርም። ቂሜን በልቼ አልጠግብም፣ እዚህ ደግሞ ማርጀት ጀምሬያለሁ።

ቶሎ ጻፍልኝ።

ጦቢያ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 18 ቀን 1984 ዓ.ም.

ደርሶ፤

ሰላምታውን ካለፈው ደብዳቤ ውሰድ። ደርሶህ እንደሆነ ንገረኝ። ካልደረሰህ ዋናው ቃል ይኸው፦ ሁለት ዓይን። ሁለት። ሥዕሉን ጨርሰህ ሰቅለኸው ከሆነ አውርደው። እዚህ በየሳምንቱ ሰው ይጠራል፣ ክፍሏ እየሰፋችብኝ ነው።

ጦቢያ


አሽቀሎን
ኦገስት 16 ቀን 1992

ለእትዬ ጦቢያ፤

የዘገየሁት በስንፍና አይደለም። ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ እንደ መንታ ባንድ ቀን ደረሱኝ፤ የዚያን ቀን ደግሞ ሥዕሉ አልቆ ነበር። አንድ ዓይን፣ እንደ ሳንቲም። ቢምረው አይቶት ወደደው። ኦሽራት አይታ እጇን አጨበጨበች፣ የጥሪ ወረቀትም ታተመ። ለአዲሱ ዓመት ይመረቃል ተባለ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ? ወይስ ዓይኑን ዝም ብዬ ልጨምርና ወሮታውን ልለምን? ለምኜው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ቀጠሮ ላይ ነበርኩ። ቢምረው የተለመነውን ነገር እንደ ቅቤ ነው የሚያነጥረው።

ስለዚህ ጋሼ አዳሙን ሻይ ጋበዝኳቸው። ደብረ ታቦር ያደጉ፣ ባዩት ግድግዳ ሁሉ ሥዕል የሚያነቡ ሽማግሌ ናቸው። ቢምረውም የሥዕሉን ከረባት ላስተካክልልህ ተብሎ በዚያው ሰዓት ተጠርቷል። ጋሼ አዳሙ ሥዕሉን አዩ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ቢምረው» አሉት፣ «በእኛ አገር ግድግዳ እንዲህ የሚሳሉት ሁለት ናቸው፤ ሰይጣንና የሰይጣን አሽከር። አንተ የትኛው ነህ?»

ወደ እኔ ዞረ። እኔ ራስህ ያዘዝከው ነው አልኩት። በዚያው እግሩ ወደ ኦሽራት ሮጠ። እሷ ግን በጣም ቆንጆ ነው፣ ምንም እንዳይነካ አለችው። ሰይጣን መምሰሉን ሊያስረዳት ሞከረ፤ በዕብራይስጥ የሚያውቀው ግን ምስጋና ብቻ ነው። ማታ አንኳኳ።

«ሁለተኛዋን ዓይን ጨምርልኝ» አለ።

«ሁለተኛ ዓይን ያለ ምስክር አይሳልም።»

«ማነው ያለው?»

«ሙያው።»

ያኔ ለእርስዎ ጉዳይ የሚሞላውን የምስክርነት ወረቀት አወጣሁ። አንብቦ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ እንደዚያ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦልኝ አያውቅም። በመጨረሻ «ወይዘሮ ጦቢያን አውቃታለሁ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «እንዴት ታውቃታለህ?» የሚል አለ። ጎረቤቴ ናት ሊል ነበር። እኔ ጎረቤት የሚል ወረቀት በዝቶ ማንም አያምነውም፣ ሌላ ሰው ሊያውቀው የማይችል ነገር ያስፈልጋል አልኩት። ገብቶታል። ላቡ ከረባቱ ላይ ወረደ። ከዚያ ጻፈ፤ ቃሉን እንዳለ ልገልብጥልዎት፦

«አዘዞ ገበያ አንዲት አህያ ሸጬላታለሁ። አህያዋን በጥላሸት ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። በሰርጌ ቀን መልሳ አምጥታልኛለች። ስለዚህ በሚገባ አውቃታለሁ።»

ፈረመ። ጋሼ አዳሙም ተጠርተው በእማኝነት እየሳቁ ፈረሙ፤ ፊርማቸውም ጥቂት ይስቃል። ወረቀቱ በማግስቱ ተልኳል፣ ቅጂው እኔ ዘንድ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ለዚህች ወረቀት ስል ሞኝ ነኝ።

አሁን ዓይኑን ልስል ነው። ቃሌን አላጥፍም።

ደርሶ


አሽቀሎን
ኦክቶበር 25 ቀን 1992

ለእትዬ ጦቢያ፤

አዲሱ ዓመት የመምጫዎ ይሁን። ሥዕሉ ተመርቋል፣ ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። አይተው ሳይጨርሱ ደብዳቤዬን እንዳያነቡ።

አዩት? ቃሌን ጠብቄያለሁ። ፊቱን በሙሉ ፍቄ ከጆሮ ጀምሬ ፊት ለፊት ሳልኩት። ሁለት ዓይን አለው፤ ግራው ሞራው ጭምር፣ ምክንያቱም ሙያዬ አይዋሽም። ሽበቱንም እንዳዘዘኝ አጠቆርኩለት። ቀለም ግን አልተጠቀምኩም። ከድስት ጀርባ ላይ ጥላሸት ፍቄ፣ በዘይት ለውሼ ነው።

በቀኝ ትከሻው በኩል የቆመችውን ደግሞ ያውቋታል። እሷም ፊት ለፊት ናት። ሁለት ንጹሕ ዓይን፣ እንደ ፋኖስ። አፍንጫዋ ከዚያው ብልቃጥ ነው የተቀባ።

ቢምረው የምርቃቱ ዕለት መጋረጃው ሲነሳ ነው ያያት። ጆሮዬ ስር ጠጋ ብሎ «ይቺን ማን አዘዘህ?» አለኝ። በፊርማው ያመጣት እሱ መሆኑን፣ የምስክር ሥዕሉና የምስክር ቃሉ ከተለያዩ ወረቀቱ እንደሚጠረጠር ነገርኩት። ወዲያው ፈገግ ማለት ነበረበት፣ ፎቶ እየተነሳ ነበርና።

ከኦሽራት ጋር የመጡት እንግዶች አህያዋን በጣም ወደዷት፤ የአገር ቤት ትዝታ ነው ብለው። የእኛ ሽማግሌዎች ግን በመጀመሪያ ጋሼ አዳሙን አዩ፣ ቀጥሎ አህያዋን፣ ቀጥሎ የቢምረውን ፀጉር። ከዚያ በኋላ ንግግሩን የሰማለት የለም። ባለፈው ሰርግ ላይ ሊናገር ሲነሳ ከኋላ አንዱ «ሚዜው የታል?» አለ። ተቀመጠ። ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ከበረንዳዬ ወንበር ሌላ።

ከቢሮው ምንም አልሰማሁም። ዝምታዎ ያስፈራኛል። ይጻፉልኝ።

ደርሶ


አዲስ አበባ
ጥር 24 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠዓሊው ወንድሜ ልጅ፤

ዝም ያልኩት ቃሌን ለአንድ ቀን ሳጠራቅም ነው። ፎቶውን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ጠዋት ስንነሳ ለአህያዋ ሰላምታ እንሰጣለን፤ ለሰውዬው ማንም አይሰጠውም።

ትናንት ተጠራሁ። ፎቶውን ከሚስማሩ አውርጄ በጉያዬ ይዤ ሄድኩ። መነጽር ያደረገ ወጣት ተቀምጧል፣ አጠገቡ አስተርጓሚ። የቢምረውን ወረቀት አነበበልኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦ «ይህ የመሰከረልሽ ሰው፣ አንቺስ ታውቂዋለሽ?»

ደርሶ፣ ከበሩ ላይ እሱ እኔን ከእግር እስከ ራስ እንዳየኝ፣ እኔም ወረቀቱን ከግርጌ እስከ ራስጌ አየሁት። አንዲት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ዓመት ከስምንት ወር ሳኝካት የከረምኩ ቃል ናት፤ ለስልሳለች፣ ለመትፋት ቀላል ናት። «አላውቀውም» ብል ስሙ ከነወረቀቱ ይወድቃል። እኔም አብሬው እወድቃለሁ። አስተርጓሚው ግንባሩን ጠረገ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

አማረችን አሰብኩ። ስድብ ሳያውቁ የሚያድጉትን ልጆችህንም አሰብኩ። ቃሏን ዋጥኳት። ግን ሙሉዋን አልዋጥኩም።

ፎቶውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሰውዬውን እጠራጠራለሁ፤ አህያዋን ግን አውቃታለሁ» አልኩት።

ወጣቱ ፎቶውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ አህያዋን እንደገና አየ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ማኅተሙን አነሳ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምበረው። የምይዘው ብዙ አይደለም፤ አንድ ጓዝ ነው፣ በዚያው መጫኛ የታሰረ። ለቢምረው ንገረው፣ አውሮፕላን ማረፊያ መጥቶ ይጠብቀኝ። አህያዋን ስመልስለት መጫኛውን አስቀርቼበት ነበር፣ የሰው ንብረት ይዤ ቅድስት አገር አልገባም። ሰው በተሰበሰበበት፣ በገዛ እጄ አስረክበዋለሁ።

ፊት ለፊት ይቁም። በሁለቱም ዓይኑ።

አክስትህ ጦቢያ፣ የምትታወቀው